ቀለም የማይቀባው ኪዳነ

የአያ ኪዳነን ሞት የነገረኝ የበርበሬ ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ነው። ረፋድ ላይ ነበር። እኔ መደበር፣ አስመራ የብረት ሠሪዎቹ ግቢ ውስጥ፣ ከሱቃችን በር ላይ ተቀምጬ ላሜራ አጥፋለሁ። ሰውዬው ፊቱ በርበሬ እንደ ለበሰ መጥቶ አጠገቤ ቆመና «ይመር፣ ሰውህ አረፈ» አለኝ። ሰማሁህ አልኩት። የጀመርኩትን ጠርዝ እስከ ጫፉ አጥፌ ጨረስኩ፣ መዶሻዬን አስቀመጥኩ፣ እጄን ታጠብኩና ሄድኩ። በኋላ በዚህ ታማሁ። የሃያ ዓመት ባልደረባው ሞቶ እሱ ብረት ይቀጠቅጣል ተባለ። ይበሉ። ግማሹ ታጥፎ ግማሹ የቀረ ላሜራ ትቼ ብሄድ ኖሮ ኪዳነ ራሱ ከሳጥኑ ተነስቶ ይሰድበኝ ነበር።

ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ይህችን የምጽፍባትን ፊደል ያስተማረኝም እሱ ነው። እኔ ከወሎ የመጣሁ ነኝ፤ አማርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ግን ማንበብ አላውቅም ነበር። እሱ የሐማሴን ሰው ነው፤ አማርኛን የተማረው በጃንሆይ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአለንጋ ነው። ሲናገረው ከጉሮሮው እየቧጠጠ ያወጣዋል፣ ሲጽፈው ግን እንደ ደብተራ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ የተቀደደ በርሜል ያስተኛና ሆዱ ላይ በጠመኔ ሀ ሁ ይጽፍልኛል። የእናትህን ቋንቋ እኔ ሳስተምርህ አታፍርም ወይ ይለኛል። አላፍርም። አንተ ፊደሉን ታውቃለህ፣ እኔ ቋንቋውን አውቃለሁ፣ ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ይወጣናል እለው ነበር።

አስመራ ውስጥ የወደቀ ብረት ሁሉ መጨረሻው መደበር ነው። በርሜል ሆኖ ይገባል፣ ፎርኔሎ፣ የከሰል ምድጃ፣ ሆኖ ይወጣል። የማኪና ጎማ ይገባል፣ ጫማ ሆኖ ይወጣል። ነጻነት የገባ ሰሞንማ የመድፍ ቀለህ በጋሪ እየመጣ የአበባ ማስቀመጫ ሲሆን አይቻለሁ። ጩኸቱ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። እዚያ ግቢ የኖረ ሰው ሁሉ እቤቱ ሲገባም ይጮኻል፤ የሚስቶቻችን የዘወትር ክስ ይኸው ነው።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ኪዳነ የታወቀው በጆሮው ነው። በርሜል ሲመጣለት አያየውም። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ መገጣጠሚያ ያንኳኳዋል፤ ከላይ ጀምሮ ዙሪያውን፣ እንደ ሐኪም። ዝገት ከውስጥ የበላው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሞታል ይላል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ደቅኜ ልዩነቱን አልሰማሁም። እሱ ግን እዚያ ላይ በጠመኔ ክብ ይሥላል። ሲቆረጥ እናየዋለን፤ የከበበው ቦታ ከውስጥ ወንፊት ሆኖ ይገኛል።

ክፋቱ፣ ክቡን አያጠፋውም። ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ቀለም ሳይነካው፣ ደንበኛውን ይጠራና ያሳየዋል። «እዚህ ጋ ታሟል። ሁለት ዓመት ያገለግልሃል። ከተስማማህ ቀለም እቀባልሃለሁ።» ሌሎቹ ባለሱቆች መጀመሪያ ቀብተው ነው የሚያወጡት። እኔም ከነሱ ወገን ነበርኩ። ሰው ዕቃ ሊገዛ መጥቶ መርዶ ታረዳዋለህ እያልኩ እጨቃጨቀው ነበር። «ቀለም የብረቱን አፍ ይይዘዋል» ይለኝ ነበር፤ «ይናገር ተወው።»

አንድ ጊዜ የገጀረት ሰፈር ሰው፣ ባለ ቪላ፣ የግቢ በር አሠራን። ወፍራም ቱቦ፣ ከላይ አበባ ያለው፣ አንድ ወር የፈጀ ሥራ። ሰውዬው ሊረከብ አማቾቹን ይዞ መጣ። እኔ ኪዳነን በዓይኔ ለመንኩት። እሱ እቴ፤ አማቾቹ ፊት ማጠፊያው ሥር ያለውን ክብ አሳየ። ሰውዬው ፊቱ ቀልቶ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። በሩ ዓመት ሙሉ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆመ። እኔም ዓመት ሙሉ፣ በሩን ባየሁ ቁጥር ነገር አነሳበታለሁ። እሱም ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ሥራችን ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ነበር። ከማን ጋር እንዲህ በጤና እንደሚጣሉ ያወቅሁት ከሱ ወዲያ ሰው ሳጣ ነው።

ያ በር ኋላ አልጋ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ኪዳነና ሚስቱ ለተብርሃን አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሃብቶም የሚባል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ተነስቶ ሜዳ ወረደ፣ ታጋይ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ወሬው የለም። ነጻነት ሲገባ፣ ታጋዮቹ በማኪና ተጭነው ከተማ ሲገቡ፣ ለተብርሃን መንገድ ዳር ከርማ የእያንዳንዱን ፊት ትመለከት ነበር። የመጣ መጣ። ያልመጣው ደግሞ ሩቅ ተመድቦ ይሆናል፣ ነገ ይመጣል ይባላል። ያኔ ብዙ ቤት እንዲህ ነበር፤ በር ገርበብ ብሎ ያድራል። ኪዳነም የገጀረቱን በር በመጋዝ ቆራርጦ ለሃብቶም አልጋ መሥራት ጀመረ።

አልጋው ግማሽ ሲደርስ አንድ የሚያነክስ ታጋይ ሱቃችን መጣ። ኪዳነን በስሙ ጠየቀ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይዞት ሄደ። ብዙም አልቆዩም። ኪዳነ ተመልሶ ተቀመጠ፣ መጋዙን አነሳ፣ የጀመረውን የአልጋ እግር ቆርጦ ጨረሰ። ምን ፈልጎ ነው አልኩት። ፎርኔሎ ሊያሠራ ነው አለኝ። ታጋዩ ፎርኔሎውን ሊወስድ ሳይመጣ ቀረ፤ እኔም አልጠየቅሁም። አልጋው በሳምንቱ አለቀ። በጋሪ ጭነን ማይ ተመናይ፣ እቤቱ ወሰድነው። ለተብርሃን ፍራሽ አነጠፈችበት፣ አዲስ ብርድ ልብስ አለበሰችው፣ አቧራ እንዳይነካው ከላይ በላስቲክ ሸፈነችው። ማንም እንዳይቀመጥበት አለች። ማንም አልተቀመጠበትም።

ሕመሙ የጀመረው በሁለተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ጀመረ የምለው አሁን ነው፤ ያኔ ማን አወቀው። እጁ በለዘ። መደበር ውስጥ እጁ ያልበለዘ ሰው ካለ ሥራ የፈታ ነው። መዶሻ ይስታል፣ ላሜራ ያመልጣል፣ እኛ ብልዝ አንቆጥርም። ቀጥሎ ጭኑ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ። አንድ ቀን ሸሚዙን ገልጦ አሳየኝ፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነው።

«ይመር፣ ይሄን ማን መታኝ?» አለኝ።

አንተው ነሃ፣ አርጅተህ የመታኸውን ትረሳለህ አልኩት። «የመታሁትን እረሳ ይሆናል» አለ፣ «የመታኝን ግን አልረሳም።» ሳቅን። በርሜል ላይ ቢሆን ከቦ ያስቀምጠው ነበር፤ ገላው ላይ ሲሆን ሁለታችንም ስቀን አለፍነው።

ፊቱ ሲነጣ ጾም ነው አልን። ደረጃ ሲወጣ ሲያለከልክ ጾም ነው አልን። ድዱ ሲደማ መፋቂያው ነው አልን። ፋሲካ ደረሰ፣ ሰው ሁሉ ፈሰከ፣ የሱ ድካም ግን አልፈሰከም። ለተብርሃን ደሙ ስላነሰ ነው፣ ጉበት ይብላ አለች። እኔ እስላም ነኝ። ክርስቲያን ያረደውን አልበላም፣ እሱም እስላም ያረደውን አይበላም፤ ሃያ ዓመት ምሳችን ሽሮ የሆነው በዚህ ነው። እንግዲህ ለተብርሃን ልጇን ስትጠብቅ ከቤት አትርቅም፣ እሱን ከሥራ መልስ ድካም ይጥለዋል፣ ማን ይግዛ? ኮፍያዬን እንደ ደፋሁ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ገባሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን እንደ ያዘ ቆሞ አየኝ። «ሓጂ፣ ቤት ተሳስተህ እንዳይሆን» አለ። አልተሳሳትኩም፣ መዝን አልኩት። ጉበቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ክንዴን ከገላዬ አርቄ፣ በአውቶቡስ ማይ ተመናይ ድረስ ተሸከምኩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። የሰፈሬ ሰዎች መስጊድ በር ላይ ስለዚሁ ጠይቀውኛል፤ የመለስኩላቸውን እዚህ አልጽፈውም። ጉበቱም አልፈየደ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሱቅ ውስጥ አፍንጫው ደማ። ቀና በል አልነው፣ ውኃ አፈሰስንበት፣ ጨርቅ ወተፍንበት። እስከ እኩለ ቀን አልቆመም። ፊት ለፊቱ የነበረው አዲስ ላሜራ ቀይ ቀለም የተቀባ መሰለ። ሲያዞረው ያዝኩት፤ ቀሎኛል። ያን ትልቅ ሰውዬ እንደ ባዶ ጣሳ አነሳሁትና በታክሲ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሙ ከሜዳ የመጣ ወጣት ነበር፣ ብዙ ያየ ዓይን ያለው። ለሱ ምኑ ነህ አለኝ። ወንድሙ ነኝ አልኩ። ኮፍያዬን አየ፣ የኪዳነን አንገት ማዕተብ አየ፣ ወንድም ብሎ መዘገበኝ። ደም ቀዱ። ከቀናት በኋላ ውጤቱን ልንሰማ ስንሄድ ኪዳነን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ እኔን ብቻ አስገባኝ። በትግርኛ ጀመረ፤ ፊቴን አየና ወደ አማርኛ ዞረ።

«የደም ካንሰር ነው» አለኝ።

እኔ ካንሰር የማውቀው እብጠት ነው። ደም ይፈሳል፤ የሚፈስ ነገር እንዴት ያብጣል አልኩት። አልተቆጣም። ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ነው፣ የሱ አጥንት አሁን የሚያወጣው ጥሬ ደም ነው፣ ያልበሰለ፣ ቁስል የማይደፍን፣ በሽታ የማይመክት አለኝ። በርሜሉ ከውጭ ደኅና ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። መድኃኒቱ እዚህ አገር የለም አለ። ውጭ ቢወሰድም ሰውነቱ መድኃኒቱን አይችለውም። እኛ የምንችለው ደም እየሰጠን ማበርታት ነው። ስንት ጊዜ አለው አልኩት። ክረምቱን ከተሻገረ ትልቅ ነገር ነው አለ። ለሱ አሁን አትንገረው፣ ቤተሰቡን አማክር አለኝ። ወጋችንም እንዲሁ ነው፤ በእኔም በሱም ወገን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ እንዲህ ፊት ለፊት አይነገርም። በሽተኛ ተስፋ ይቆርጣል ይባላል።

ስወጣ ኪዳነ የተቀመጠበትን የብረት ወንበር በጣቱ እያንኳኳ ነበር። ምን አለህ አለኝ።

«ደም ማነስ ነው፤ ደም ይሰጡሃል፣ ትድናለህ» አልኩት።

እኔ አፌ ሻካራ ነው፣ ሰው አስቀይሜ አውቃለሁ፤ ውሸት ግን ልማዴ አልነበረም። ያን ቀን ሳልናገር በፊት ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

ደም የሚሰጥ ፈልጉ ተባለ። ከመደበር ስድስት ሰው ሄድን፣ ተመረመርን። የሁለት ሰው ተስማማ፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬና የኔ። ነርሷ መርፌውን ስትወጋኝ ቢስሚላህ አልኩ። ኪዳነ ከጎኔ አልጋ ላይ ሆኖ ይሰማል።

«ሃያ ዓመት ያረድከውን አልበላሁልህም» አለኝ፤ «አሁን ደምህ ሲገባብኝ ለነፍስ አባቴ ምን ብዬ ልናዘዝ?»

በቢስሚላህ የተቀዳ ነው በላቸው አልኩት። ነርሷ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ረጅም ጊዜ ክንዴን ሲያይ ቆየ። ያን አስተያየት ያኔ አልገባኝም ነበር።

ደሙ ለጥቂት ቀን አነሳው። ጉንጩ መልክ አወጣ፣ ሱቅ ልምጣ አለ። ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። መዶሻ አይዝም፤ እያየ ያዝዘኛል። ማክሰኞ መጣ፣ ረቡዕ መጣ። ሐሙስ ዕለት አንድ በርሜል መጣልን፣ ታችኛው ክቡ በዝገት የተበላ፣ ዕውር እንኳ የሚያየው። ኪዳነ አንኳኳውና ንጹሕ ነው፣ ከታች ጀምረህ ቁረጠው አለኝ። እሺ አልኩ። ለጥቆ የዛሬው ፎርኔሎ ሁለት እግር ይበቃዋል አለኝ። እሱንም እሺ አልኩ። ቆይቶ ደግሞ፣ ወሎ ማር የሚባል ነገር የለም፣ የምታወራልኝ ሁሉ ስኳር ነው አለ። ይህን ቀርቶ ግማሹን ተናግሮ ቢሆን በደኅናው ጊዜ መዶሻ እወረውርበት ነበር። ይሆናል አልኩት።

ጠመኔውን ከኪሱ አወጣ፣ ከሳጥኑ ጎንበስ ብሎ የሸሚዜ ደረት ላይ ክብ ሣለብኝ።

«ይመር፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልተጨቃጨቅከኝም» አለኝ። «ሁለት እግር ያለው ፎርኔሎ እሺ አልከኝ። አንተም ቀለም ትቀባለህ?»

መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ነገርኩት። ሐኪሙ ያለኝን እንዳለኝ፣ አጥንቱን፣ ጥሬውን ደም፣ ክረምቱን። መናገሩ ሳይሆን የከበደኝ፣ ሰውዬው የሰማበት ሁኔታ ነው። ስለ አንድ የተበላሸ በርሜል የነገርኩት ይመስል ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። ከውስጥ ነዋ አለ። ከውስጥ ነው አልኩት። እኔ ደንበኛው ነኝ፣ መጀመሪያ ለኔ ነበር ማሳየት አለኝ። ልክ ነህ ማለት አቃተኝ፤ ወጉ ነው አልኩ። «ወጉ» አለና ጠመኔውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ከዚያ ነው የሚያነክሰው ታጋይ ለምን እንደ መጣ የነገረኝ። ፎርኔሎ አልነበረም። ሃብቶም ነጻነት ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ተሰውቷል፤ ታጋዩ አብሮት የነበረ ነው፣ በእጁ የቀበረው እሱ ነው። ኪዳነ ያን ሰምቶ ማታ እቤቱ ሲመለስ ከተማው ይጨፍራል፤ ለተብርሃንም ከጎረቤቶቿ ጋር ወጥታ እየጨፈረች ነበር። ዛሬ ትጨፍር፣ ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ደግሞ በዓል ሆነ። ከነገ ወዲያ ለአንድ ጎረቤት ልጁ መጣለት፤ በሰው ደስታ ላይ ለቅሶ እንዴት ይነሳል አለ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት ሞላው። እሷ በየቀኑ በር ላይ ትቀመጣለች፤ እሱ በየቀኑ አጠገቧ ያልፋል።

ለኔስ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ልጄን የገደለው የወሎ ልጅ ሊሆን ይችላል ብለህ አንገትህን ትደፋብኛለህ ብዬ» አለኝ። «አንገቱን ከደፋ ሰው ጋር እንዴት ልጨቃጨቅ?»

ያገሬ ሰዎች ነጻነት በገባ ሰሞን ብዙዎቹ በማኪና ተጭነው ወጥተዋል። እኔ የቀረሁት ሰዎች ይሄስ እዚህ ምን ያደርጋል ሲሉ፣ የመደበር ሰው ነው፣ ተውት ብሎ ኪዳነ ስለ መለሰላቸው ነው። ያን የመለሰው ታጋዩ መርዶውን ከነገረው በኋላ መሆኑን ያን ቀን ቆጥሬ ደረስኩበት። ሆስፒታል የወሎ ደም የሚቀዳበትን ክንዴን ለምን እንዳየውም ያኔ ገባኝ።

አሁን ግን ለሱ ጊዜ አጠረ። እኔ ሳልነግራት ከሞትኩ አለ፣ እሷ ልጇ መጥቶ እንዲያጽናናት ትጠብቃለች። በኔ ለቅሶ ላይ ሁሉ በር በሩን ታያለች። አንድ ሰው ደግሞ ያን ጊዜ ይነግራታል፣ ባልሽም ያውቅ ነበር ይላታል። እኔ ሞቼ ምን እመልሳለሁ? እኔ ልንገርልህ ወይ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የራሴን ዕቃ እኔ አሳያለሁ አለ። ለነገ አላሳደረውም፤ ነገ የሚባለውን ያውቀዋል። ሱቁን ዘጋን፣ ደግፌው እስከ ፌርማታው ሄድን፣ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ለተብርሃን ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። በዚያ ሰዓት ስታየን ደነገጠች። «ይመር ሓወይ፣ ባሰው እንዴ?» አለችኝ፤ ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው። ኪዳነ እጄን ለቀቀና በራሱ እግር ቆመ። በትግርኛ ነው የተናገረው፤ እንዲህ ነው ያላት፦

«ለተ፣ ሃብቶም ተሰውቷል። ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እኔም ደሜ ታሟል፣ አልድንም። ሁለቱንም ከኔ አፍ ስሚ ብዬ ነው የመጣሁ።»

እሷ እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ መጭመቋን ቀጠለች። ውኃው አልቆ ጠብ የሚል ሲጠፋም ትጨምቀው ነበር። ከዚያ ወስዳ ሽቦው ላይ ዘረጋችው፣ ጫፉን አስተካከለች። ጀርባዋን እንደ ሰጠችን ጠየቀችው።

«አልጋውን ታዲያ ለምን ጨረስከው?»

«እንዳታውቂ» አላት።

ቤት ገባች። ላስቲክ ሲቀደድ ሰማን፤ ከላይ እስከ ታች፣ በአንድ ትንፋሽ። ወጥታ ክንዱን ያዘችና አስገባችው፣ ማንም ባልተቀመጠበት አልጋ ላይ አስተኛችው፣ ጫማውን አወለቀችለት፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት። ይህን ሁሉ ጨርሳ ነው ደጅ ወጥታ የጮኸችው። መደበር ኖሬ እንዲያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። ጎረቤቱ አጥሩን ዘሎ መጣ።

የሃብቶም የለቅሶ ዳስ በማግስቱ ተተከለ። የዳሱን ብረት ከዓመታት በፊት ለሰፈሩ የሠራነው እኔና ኪዳነ ነን፤ ቱቦው ላይ የሱ የጠመኔ ክብ ነበረበት፣ ማንም ቀለም አልቀባውም። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋንለት። ለቀስተኛው እየገባ «ጽንዓት ይሃብኩም» ይላል፣ ጽናቱን ይስጣችሁ ማለቱ ነው። የመጣው ለልጁ ሊያለቅስ ነው፤ የአባትየውን ፊት ሲያይ ግን ወደሚቀጥለው ዳስ ቀድሞ የመጣ ያህል ይደነግጣል። ለተብርሃን ሁለት ቀን ሙሉ ኪዳነን አላናገረችውም። ውኃ ታጠጣዋለች፣ ትደግፈዋለች፣ ቃል ግን የለም። በሦስተኛው ቀን ኪዳነ ልጁን በስሙ ጠርቶ አለቀሰ። አለቃቀሱን አያውቅበትም፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው የወጣለት። ሁለት ዓመት እያበጠ የኖረ እንባ ነው። ያኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እግሩን ያዘች። እኔም በሩ ጋ ቆሜ፣ በማን ወገን እንደምቀመጥ ሳላውቅ ስንገላታ፣ ወደዚህ ና ሓወይ ብላ ከወንድሞቿ መሐል አስቀመጠችኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐዘኑ ተነሳ። ሸራውን ልናወርድ መሰላል ስንዘረጋ ኪዳነ በመስኮቱ ጠራን። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ዳሱን አታፍርሱት» አለ። «ደግማችሁ ስትተክሉ ትደክማላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ይቆይ እንግዲህ ሊል አፉን ሲከፍት አየሁ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሸሚዜ ላይ የተሣለውን ክብ አስታወስኩ።

«አፈርሰዋለሁ» አልኩት። «ክረምት ገብቷል፣ ሸራው ይበሰብሳል። አንተ ዳስ ሲያምርህ ተነስተህ ራስህ ትተክላለህ እንጂ የሰፈር ንብረት በዝናብ አናበላሽልህም።»

አንድ ሽማግሌ እጅጌዬን ጎተቱኝ፤ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ኪዳነ ግን ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ለተብርሃን አፉን ጠረገችለት፣ ጨርቁ ቀላ።

«እወ» አለ፣ አዎ ማለቱ ነው፤ «አሁን ይመር መጣ።»

ከዚያ ወዲያ በየማታው ከሥራ ስመለስ እየሄድኩ ተጣላሁት። ስለ ማር፣ ስለ ፎርኔሎ እግር፣ ስለ ገጀረቱ በር። መናገር ሲያቅተው በጣቱ የአልጋውን ብረት እያንኳኳ ይመልስልኝ ነበር። አንዴ ለአይደለም፣ ሁለቴ ለአይደለም። እሺ የሚል ማንኳኳት አልነበረውም።

ዳሱን፣ በፈረሰ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ መልሼ ተከልኩት። መርዶው በመጣ ቀን ላሜራዬን አጥፌ የሄድኩት ለዚያ ነው። ጉድጓዶቹ ገና አልተደፈኑም፤ የዝናብ ውኃ ሞልቷቸው ነበር። ጎረምሶቹ ላግዝህ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ለብቻዬ አቆምኩ። እያንዳንዱን በጣቴ አንኳኳሁት፤ አሁንም ልዩነቱን አልሰማሁም።

ወገቤን አንድ ሳምንት አመመኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። መቃብሩ ጋ ስሄድም ደከመኝ አልለውም፤ ሸራው ይበሰብስ ነበር ነው የምለው።